ስለ ሾተሉና ስለ ጋሻው ለእኩዮቼ የተጻፈ ማስጠንቀቂያ

የደሴና የኮምቦልቻ እኩዮቼ፣ ሐጂዎችም መምሬዎችም፣ ጋሼዎችም እትዬዎችም፤ ይህን የምጽፍላችሁ ጊዜው እያለቀብን ስለሆነ ነው። ጎራዴን ከነአፎቱ፣ ጋሻን ከነማንገቻው ያየን ሰዎች በየክረምቱ እየተመናመንን ነው። የልጅ ልጆቻችን ከእኛ ሊሰሙት የሚገባውን ነገር ከባዕድ እየሰሙት ነው፤ የሚሰሙትም በስልክና በኮምፒውተር ጨዋታ ነው። «የልጅ ነገር ነው» ብላችሁ እንዳታልፉት እለምናችኋለሁ።

ልጆቹ ጊዜ ያባክናሉ፣ ዓይናቸው ይደክማል የሚለውን ክርክር ለሌሎች ትቻለሁ። እኔን የሚያስፈራኝ ሌላ ነው። የአያቶቻችን መሣሪያ በስሙ፣ በቅርጹ፣ በስለቱ እነዚያ ጨዋታዎች ውስጥ ገብቷል። ባለቤቶቹ ግን አልገቡም። ልጆቻችን ሾተል፣ ያ ጎባጣ ጎራዴያችን፣ ምን እንደሆነ ያውቃሉ፤ የማን እንደነበረ አያውቁም።

አንዱን ልንገራችሁ። ዳርክ ሶልስ የሚባል ጨዋታ አለ፤ በጃፓን ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2011 ወጣ። በዓለም ዙሪያ እጅግ ብዙ ሰው ተጫውቶታል። ተጫዋቹ ከሚታጠቃቸው መሣሪያዎች አንዱ ሾተል ነው። ስሙን አልቀየሩትም፤ ሾተል ብለው ነው የጻፉት። የጠላትን ጋሻ በጎን ዞሮ ገላውን የማግኘት ችሎታውንም አልሳቱም፤ ይህ የአባቶቻችን ብልሃት ነው። ማን ፈለሰፈው የሚለው ላይ ሲደርሱ ግን ጨዋታው ከካሪም አገር መኳንንት አንዱ የሆነ አርስቶር የተባለ ሰው ነው ይላል። ካሪም የሚባል አገር በምድር ላይ የለም፤ አርስቶር የሚባል ሰውም አልተወለደም። ተረት ነው፤ ተረት መፍጠር መብታቸው ነው። ነገር ግን ደሴ ሆጤ ሰፈር የተቀመጠ የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ስለ ሾተል ከዚህ ሌላ አንድም ቃል ካልሰማ፣ ለእርሱ ተረቱ ታሪክ ይሆናል። ስህተቱ የጃፓኖቹ ብቻ አይደለም። ያንን ቃል መናገር የነበረብን እኛ ነን።

ሁለተኛው ከዚህም ይከብደኛል። እ.ኤ.አ. በ1995 ጃፓኖች ጋንዳም ዊንግ የሚባል ተከታታይ የካርቱን ፊልም ሠሩ። ታሪኩ የሚሆነው በሩቅ መጪ ዘመን፣ ሰው በጠፈር ላይ ከተማ ሠርቶ በሚኖርበት ጊዜ ነው። ከግዙፎቹ የብረት ተዋጊዎች አንዱ፣ ሳንድሮክ የሚባለው፣ በሁለት እጁ የሚይዘው በሙቀት የጋለ ጥንድ ሾተል ነው። በዓመቱ የቪዲዮ ጨዋታም ተሠራለት። ይህንን ተዋጊ የሚያሽከረክረው ግን የባለጸጋ ልጅ ነው፤ ሠራዊቱም የበረሃ ሠራዊት ነው። የደጋው ሰው መሣሪያ ለበረሃ ሰው ተሰጠ። እኩዮቼ፣ ልብ በሉ፤ ሾተላችን ወደ መጪው ዘመን ተሻግሯል። እኛ አልተሻገርንም። ሌሎች ሰዎች ስለ ነገ ሲያልሙ ብረታችንን ከመጋዘን አውጥተው ተጠቀሙበት፤ እጃችንን ግን አልፈለጉትም።

ፍትሕ ለማድረግ፣ የተሻሉም አሉ። ኤጅ ኦፍ ኢምፓየርስ የሚባለው የጦር ስልት ጨዋታ እ.ኤ.አ. በ2015 ኢትዮጵያን ሲያስገባ ባለሾተሉን ወታደር ኢትዮጵያዊ ብሎ ሰይሞታል፤ የዮዲትንም ታሪክ አስገብቷል። ሲቪላይዜሽን የሚባለው ጨዋታ በተከታታይ እትሞቹ መጀመሪያ ዐፄ ዘርዓ ያዕቆብን፣ ቀጥሎ ዐፄ ኃይለ ሥላሴን፣ እ.ኤ.አ. በ2020 ደግሞ ዐፄ ምኒልክን መሪ አድርጎ አቅርቧል። ከምኒልክ ጋር የመጣው ልዩ ሠራዊት የኦሮሞ ፈረሰኛ ነው። ማብራሪያ ጽሑፍም አለው፤ ልጅ ግን ማብራሪያ አያነብም፣ ፈረሱን ነው የሚያየው። የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ማርያም ሸዊቶ ሸለቆ ላይ የዳቦርሚዳን ጦር ከበው ከደመሰሱት መካከል የራስ ሚካኤል የወሎ ፈረሰኞች እንደነበሩ፣ እነዚያ ሰዎች ከዚሁ ከጦሳ ሥር፣ ከቦረና፣ ከወረ ሂመኖ፣ ከቃሉ እንደወጡ የሚነግረው ማን ነው? የራስ ሚካኤልን አይጠየፍ አዳራሽ በየቀኑ ሲያልፈው የሚያድግ ልጅ፣ አዳራሹ ውስጥ ግብር የበሉት እነዚያ ፈረሰኞች መሆናቸውን ካልነገርነው ግድግዳውን ብቻ አይቶ ያልፋል።

ከሁሉ የባሰው የዐፄ ቴዎድሮስ መድፍ፣ የሴባስቶፖል ነገር ነው። ኤጅ ኦፍ ኢምፓየርስ ሦስተኛው እ.ኤ.አ. በ2021 ኢትዮጵያን ሲጨምር የሴባስቶፖልን መድፍ አስገብቷል። ተጫዋቹ በአንድ ጣት ያሠራዋል፣ በአንድ ጣት ያስተኩሰዋል። እውነተኛው ሴባስቶፖል ግን ያለው የት ነው? በዞናችን ነው። መቅደላ አምባ ላይ፣ ነፋስ እየመታው ተቀምጧል። ወደ 7 ቶን ይመዝናል። ጋፋት ላይ ቀልጦ ተሠራ፤ ከደብረ ታቦር ተነስቶ፣ ለእርሱ ሲባል መንገድ እየተቆረጠለት፣ የጂዳንና የበሽሎን ገደል ወርዶ ወጥቶ አምስት ወር ያህል ተጎተተ። የጎተተው ሰው ነው፤ ገመድ ትከሻው ላይ አድርጎ። እኛ ወሎዬዎች ለዐፄ ቴዎድሮስ አንድ ዓይነት ትዝታ የለንም። ለአንድነት የነደደውን ንጉሥ እናከብራለን። በዘመቻው የነደደውን አገራችንንም፣ ልጇ በመቅደላ የተገደለባትን የወሎዋን እመቤት የወርቂትንም እንባ አንረሳም። አያቶቻችን ይህን ሁሉ በአንድ ምሽት፣ በአንድ ቡና ላይ፣ ሁለቱንም ሳይደብቁ ያወሩት ነበር። ይህን የሚያወራ ጨዋታ የለም፤ ሊኖርም አይችልም፣ እኛ ካልተናገርን። ለልጁ ሴባስቶፖል የእሳት ድምፅ ያለው ሥዕል ሆኖ ይቀራል።

አሁን ስለ ህንድ ላንሳ። ከመንገድ የወጣሁ እንዳይመስላችሁ። በመቅደላ ታሪክ ውስጥ ህንድ አለ። የእንግሊዙ ጄኔራል ናፒየር በቴዎድሮስ ላይ ያመጣው 13,000 ያህል ወታደር ብዙው ከቦምቤይ ጦር የተውጣጣ ነበር። መድፍ የሚሸከሙት 44 ዝሆኖችም ከህንድ ናቸው። ሚያዝያ 3 ቀን 1860 ዓ.ም. እሮጌ ላይ ከአባቶቻችን ጋር ፊት ለፊት ጨበጣ ከገጠሙት አንዱ ክፍል የፑንጃብ ጦር ነው። እነዚያ የፑንጃብ ሰዎች ራሳቸው ከሃያ ዓመት በፊት ግድም ነው አገራቸውን ለእንግሊዝ የተነጠቁት። የፑንጃብ ልጅ ንጉሥ ዱሊፕ ሲንግ ወደ ለንደን ተወስዶ ከንግሥት ቪክቶሪያ ፊት አደገ፤ አሥራ አራት ዓመት ቆይቶ የቴዎድሮስ ልጅ ዓለማየሁ በዚያው መንገድ ተወሰደ። የፑንጃቡ ንጉሥ የራንጂት ሲንግ የወርቅ ዙፋንና ከመቅደላ የተዘረፈው ዘውድ ዛሬ ለንደን ውስጥ በአንድ ቤት፣ በቪክቶሪያና አልበርት ሙዚየም ተቀምጠዋል። የመቅደላን ምርኮ ለማጓጓዝ 15 ዝሆንና ወደ 200 የሚጠጋ በቅሎ አስፈልጓል። ደላንታ ሜዳ ላይ በሁለት ቀን ጨረታ ጋሻው፣ ጎራዴው፣ መጽሐፉ ተሸጠ። ደላንታን የማያውቅ ከመካከላችን ማን አለ?

ህንዶችም በጨዋታው ዓለም የደረሰባቸው እንደ እኛው ነው። ካታር የሚባል መሣሪያ አላቸው፤ እጀታው በጡጫ ተጨብጦ ስለቱ ከጡጫው ፊት የሚወጣ ጩቤ ነው። ሶል ካሊበር በተባለው ጨዋታ ካታርን የታጠቀው ቮልዶ የሚባል የጣሊያን የፓሌርሞ ሰው ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 የወጣው ኦቨርዎች የሚባል የመጪው ዘመን ጨዋታ ደግሞ ሲሜትራ የምትባል የሃይደራባድ ሴት አስገባ። ጥሩ ነበር፤ ግን እንስት አምላክ የሚያስመስላት ልብስ ሲያለብሷት የሂንዱ እምነት ሰዎች ቅሬታ አሰሙ። የሚገርመኝና የማከብረው ከዚያ በኋላ የሆነው ነው። እ.ኤ.አ. በ2020 ፑኔ ከተማ ያሉ ወጣቶች ራጂ የሚባል ጨዋታ ራሳቸው ሠሩ፤ ሴት ልጅ ወንድሟን ፍለጋ በገዛ ሥዕላቸው፣ በገዛ ተረታቸው፣ በገዛ መሣሪያቸው የምትሄድበት። አገራቸው የቆየ ሙያውን አላጣም። ኬረላ ውስጥ ዛሬም ኡሩሚን፣ ያንን እንደ ቀበቶ ወገብ ላይ የሚጠቀለል ተለማጭ ሰይፍ፣ የሚያስተምር ሽማግሌ አለ። ባለሙያው ሳይሞት ለልጅ አስተላለፈ። በንጉሡ ዘመን ብዙዎቻችንን ሒሳብና ፊዚክስ ያስተማሩን መምህራን የመጡት ከዚያው አገር ነው። የአያቶቻቸውን ነገር በቃልም በእጅም እንደያዙ ነው የመጡት።

እኛም ወጣት አናጣም። አዲስ አበባ ላይ ቅኔ ጌምስ የተባለ ድርጅት ገበጣንና ኩኩሉን ወደ ስልክ አምጥቷል። ኤታን ኮሚክስ ጀምበር የሚባል ኢትዮጵያዊ ጀግና በአማርኛ አሳትሟል። እዚህ አጠገባችን፣ ኮምቦልቻ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ውስጥ፣ ኮምፒውተር የሚያናግሩ የገበሬና የነጋዴ ልጆች አሉ። ሥዕሉን መሳል ይችላሉ፤ ፕሮግራሙን መጻፍ ይችላሉ። የሚያጡት እኛን ነው። ነገ አንዱ ተነስቶ በሁለት ሺህ ሁለት መቶ ዓመተ ምሕረት ስለምትኖር ደሴ ጨዋታ ልሥራ ቢል፣ ባለታሪኩን ምን እንደሚያስታጥቀው፣ እንዴት እንደሚያስታጥቀው የሚጠይቀው ማንን ነው? ካላገኘን የሚሄደው ወደ አርስቶር ነው።

ስለዚህ የምናውቀውን እንናገር። አባቶቻችን ጎራዴውን የሚታጠቁት በቀኝ ጎናቸው ነበር። ግራው የጋሻው ነውና። ይህን የማያውቅ ሠዓሊ ሁሉ እንደ ፈረንጅ በግራ ያንጠለጥለዋል። እጀታው የአውራሪስ ቀንድ ነበር፤ ስለቱ ብዙ ጊዜ ከባሕር ማዶ፣ ከጀርመንም ሳይቀር የመጣ ነው፤ ማጉበጥ፣ መሞረድና ማስጌጥ ግን የእኛ ባለሙያ ሥራ ነው። ጋሻው የጎሽ ቆዳ ነበር፤ በብርና በናስ የተጌጠው የሹመትና የጀግንነት ምልክት ነበር፤ ማንም ተነስቶ አይዘውም። አንካሴ የያዘ ሽማግሌ ለጠብ አልያዘውም።

ይህን ስትናገሩ አሳፋሪውንም አትደብቁ። ያንን ሁሉ የሚሠራልንን ሰው ቀጥቃጭ ብለን ንቀነዋል። ልጃችንን አልዳርንለትም፤ ቡዳ ብለን ከማዕዳችን አርቀነዋል። በሠራው ጎራዴ ፎክረን ስሙን ሳንጽፍ ቀረን። ዛሬ ጨዋታው ሾተሉን የሠራው አርስቶር ነው ሲል የምንቆጣ ከሆነ፣ የእውነተኛውን ሠሪ ስም ማን እንደቀበረው አንርሳ። ከቀጥቃጮቹ ወገን የሆናችሁ ሽማግሎች በሕይወት ካላችሁ፣ ልጆቹ መጀመሪያ መምጣት ያለባቸው ወደ እናንተ ነው።

አንድ ነገር ላይ ግን ቆም ብላችሁ ስሙኝ። ጨዋታው ከመሣሪያችን የወሰደው ስለቱን ብቻ ነው። አፎቱን አልወሰደም። በእኛ አገር መሣሪያ የሚነገርበት ወግ ግማሹ መቼ እንደማይመዘዝ የሚናገር ነበር። በቃሉና በባቲ አባጋሮች፣ አስታራቂ ሽማግሎቻችን፣ ገብተው ደም ሲያደርቁ፣ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም አንድ ጥላ ሥር ተቀምጦ ሲዳኝ፣ ትጥቅ ከዚያ ክብ ውጭ ነበር። የታጠቀ ሰው ሽማግሌ ፊት ሲቆም የሚያደርገውን የሚያውቅ ሰው ከእኛ በኋላ የለም። ልጆቹ የሚያዩት ሲመዘዝና ሲቆርጥ ብቻ ነው፤ የወደቀውም ሰው በሴኮንድ ውስጥ ተነስቶ ይመለሳል። እነዚህ ልጆች ደግሞ በ2014 ዓ.ም. ጥቅምትና ኅዳር በሰሜኑ ጦርነት ከተማቸው ሲያዝና ሲለቀቅ ያዩ ናቸው። የእውነተኛውን ጥይት ድምፅ ከጨዋታው ድምፅ ለይተው የሚያውቁ ልጆች ናቸው። ለእነርሱ ፉከራውን ብቻ አውርሰን እርቁን ካላወረስን በገዛ እጃችን እሳት ሰጠናቸው ማለት ነው። ስለዚህ የአያትህ ጎራዴ ይህ ነው ብላችሁ ስታሳዩ፣ ማንን እንደገደለበት ብቻ አትንገሩት፤ ማንን ሳይገድልበት እንደቀረ ንገሩት። በጎረቤት ላይ የተመዘዘበትን ቀን ካላችሁም፣ ያንን እንደ ጀግንነት አትንገሩት።

ስለ ዕቃው ራሱም ላስጠንቅቃችሁ። የደጃዝማች ዮሴፍ ብሩ ቤት የነበረው የደሴ ሙዚየም በዚያው ጦርነት ተዘርፏል። ሕዝብ ያስቀመጠው ነገር ስለጎደለ፣ በየቤታችን ግድግዳ ላይ የቀረው ዋጋው ሌላ ነው። ገዢ ነን የሚሉ ሰዎች በየገጠሩ እየዞሩ ጎራዴና ጋሻ፣ አሮጌ ብራናና መስቀል ይጠይቃሉ። የሚሰጡት ገንዘብ የአንድ ክረምት ቀለብ አይሆንም። ቅርስን ያለፈቃድ ከአገር ማውጣት በ1992ቱ የቅርስ አዋጅ የተከለከለ ነው፤ ግን ከአዋጁ ይልቅ የእናንተ «አልሸጥም» ማለት ይቀድማል። የመቅደላ ምርኮ የሆነ፣ ቀኑ የተጻፈበት አንድ ጋሻ እ.ኤ.አ. በ2024 በእንግሊዝ አገር ኒውካስል ለጨረታ ቀርቦ ነበር። ኢትዮጵያ ጠይቃ ከጨረታው ተነሳ፤ በዚያው ዓመት ኅዳር ወር አዲስ አበባ ገባ። አንድ ጋሻ ለመመለስ 156 ዓመት ፈጅቷል። ህንዶችም የሺቫጂ ነው የሚሉትን የነብር ጥፍር የተባለ መሣሪያ በዚያው ዓመት ከቪክቶሪያና አልበርት ሙዚየም ማሃራሽትራ ያስገቡት በውሰት ነው፤ ለሦስት ዓመት። ለእኛም ለመቅደላው ንብረት የቀረበልን ውሰት ነው። የገዛ ዕቃን ተበድሮ ማየት ምን እንደሆነ አስቡት፤ ከዚያ ለነጋዴው በራችሁን ክፈቱ ወይም ዝጉ።

አብሽሩ፤ ዘገየ እንጂ አልመሸም። የምጠይቃችሁ ብዙ አይደለም። ትምህርት ቤት በሚዘጋበት በዚህ ክረምት፣ ከልጅ ልጆቻችሁ መካከል ስልክ የማይለቀውን ጥሩት። አትቆጡት። የሚጫወተውን አሳየኝ በሉት፤ ሾተል ካለ ሾተሉን፣ ጋሻ ካለ ጋሻውን አስቁሙትና የማን እንደሆነ ንገሩት። በቤታችሁ ያለውን መሣሪያ በስልኩ ፎቶ ያንሳ፤ ስሙን፣ ማን እንደታጠቀው፣ ማን እንደሠራው፣ የትኛው ዘመቻ ላይ እንደነበረ፣ በየትኛው እርቅ ላይ እንደተፈታ ድምፃችሁን ይቅረጽ። አንዱን ቅጂ ለእናንተ፣ አንዱን ለወረዳው ባህልና ቱሪዝም፣ አንዱን ኮምቦልቻ ለሚማር ወንድሙ ወይም እህቱ ይላክ። የማታስታውሱትን ከጎረቤታችሁ፣ ሙስሊም ከሆናችሁ ከክርስቲያኑ፣ ክርስቲያን ከሆናችሁ ከሙስሊሙ ጠይቁ፤ የወሎ ነገር ግማሹ ሁልጊዜ በሌላው ቤት ነው ያለው። ይህን ከመስቀል በዓል በፊት ጨርሱ።